ሸጋ አቶ እንየውን በመንገድ ስላቆመችበት ጉዳይ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ይታይሽ ቢሻው
ዕድሜ፦ 36 ዓመት
ሥራ፦ ጠላ ጠምቆ መሸጥ
አድራሻ፦ ዳንግላ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ በታች፣ በአቶ ኢስሃቅ ሸዕባን ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ኅዳር 13 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ አበረ ወርቅአየሁ
ጉዳዩ፦ አቶ እንየው ነጋ “የጎረቤት ልጅ በጩኸት ሰላም ነሣችኝ፣ በአደባባይም ሰደበችኝ” ሲል ያቀረበው አቤቱታ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። ሸጋ ውዱ የተባለችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ የእኔ ልጅ ናት፤ አባቷ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። አቶ እንየው አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ሲሆን ከዚህ በፊት ጠብ ኖሮን አያውቅም። ልጅሽ ትጮሃለች ወይ ተብዬ ተጠይቄ አዎ ትጮሃለች ብያለሁ። ሃምሳ አለቃው “አንዳንድ ጊዜ” ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ ኧረ ሁልጊዜ ነው፣ እንዳለ ጻፈው ብዬ ተስተካክሏል።

ጩኸቱ እንዴት እንደ ጀመረ ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። ቤቴ ለፍርድ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ባለጉዳዮች ችሎት ሲነሣ ጠላ ሊጠጡ ይገባሉ። የረታው እንዴት እንደ ረታ፣ የተረታውም እንዴት ሊረታ ይገባው እንደ ነበር ለማሳየት ሙግቱን እንደገና ይጀምረዋል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የዛሬ ሙግት ወረቀት ብቻ ሆነ እያሉ የዱሮውን በልሃ ልበልሃ ብድግ ብለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን እየሰበቁ ያሳያሉ። ልጄ ከጋኑ አጠገብ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ለቀመችው። ገና በስምንት ዓመቷ ነጠላዋን አጣፍታ ከዶሮዎቹ ጋር ትሟገት ጀመር። ዶሮዎቹን በአገውኛ፣ ድመቱን በአማርኛ ትከሳለች፤ መልስ ሲጠፋ ስለ ድመቱ ሆና ራሷ ትመልሳለች፤ ትፈርዳለች፤ በራሷ ፍርድ ላይ ይግባኝ ትላለች። ድምፅዋን ከአባቷ ነው የወረሰችው፤ እሱ ከወንዝ ማዶ ሲጣራ የሚያርስ በሬ ይቆም ነበር።

አቶ እንየው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረኝ ባለፈው ሚያዝያ ነው። በአጥሩ ላይ ሆኖ “ይታይሽ፣ ተይ እባክሽ ይህችን ልጅ ያዥልኝ፣ ራሴን አዞረችው” አለኝ። እውነት አለው ብዬ ሞከርሁ። አፏን እንዲይዝልኝ ቆሎ ሰጠኋት፤ ቆሎውን እየቆረጠመች ተሟገተች። ከጓሮ አስቀመጥኋት፤ ለካ ጓሮው ለእሱ መኝታ ይቀርባል። ጥጥ ፍተዪ ብዬ እንዝርት ሰጠኋት፤ እንዝርቱን እንደ ከዘራ ሰበቀችው። አንድ ቀን ብግን ብዬ በጥፊ መታኋት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አለች። ስለዚያ ጥፊ ማንም አልጠየቀኝም፤ ስለሚጸጽተኝ ይጻፍልኝ ያልሁት እኔው ነኝ።

በጥቅምት ወር አቶ እንየው ወደ ቤት አከራዬ ወደ አቶ ኢስሃቅ ሱቅ ሄዶ፣ ወይ ልጅቱን ዝም አሰኝ፣ ወይ ተከራዮችህን አስወጣ ብሎታል። አቶ ኢስሃቅ ክፉ ሰው አይደለም። ሆኖም አስጠርቶ “ይታይሽ፣ ከጎረቤት አታጣይኝ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተስማማችሁ ሌላ ቤት ፈልጊ” አለኝ። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ጠላዬን ማን ሊጠጣልኝ ነው? ባለጉዳይ እንደሆነ ከፍርድ ቤት ርቆ አይጠጣም። ይህን ለልጄ ስነግራት አንድም ቃል ሳትመልስ ሰማችኝ፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ኅዳር 8 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ግድም ጌሾ ገዝተን ከገበያ ስንመለስ፣ አቶ እንየው የጤፍ ስልቻ በትከሻው ተሸክሞ ከፊታችን ይሄድ ነበር። ልጄ እጄን ለቀቀችና ከመንገዱ መሐል ገብታ “በሕግ አምላክ! ቁም!” አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አቶ እንየው ግን ቆመ። ይህን እመሰክርለታለሁ። ማን እንደ ጠራው ዞሮ ሳያይ፣ ስልቻውን እንደ ተሸከመ ነው ቀጥ ያለው። በእኛ አገር በሕግ አምላክ ተብሎ የሚራመድ ሰው፣ ሰው አይባልም፤ የጠራው ሹምም ይሁን የጠላ ሻጭ ልጅ።

ዞሮ ልጅቱን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ነገር ግን አንዴ ቆሟል። ገበያተኛው ከበበን። በፈረስ ያልፉ የነበሩ አቶ ምህረቴ የሚባሉ የአዘና አገር ሽማግሌ ምን ሆናችሁ ብለው ወረዱ። ልጄ እጅ ነሥታ ዳኛ ይሁኑን አለቻቸው። በዱሮው ወግ መንገደኛም ቢሆን ዳኛ ሁን ከተባለ እምቢ አይልም። ፈረሳቸውን ከመንገዱ ዳር ካለ ወይራ አሥረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ልጄ ነጠላዋን አጣፍታ “ተጠየቅ!” አለች። አቶ እንየው ስልቻውን በትከሻው አደላደለ። “ተጠየቅ ብያለሁ!” አለች። አቶ ምህረቴ “ሰውየው፣ ወጉን አታውቀውም ወይ?” ብለው ተቆጡት። አቶ እንየውም ስልቻውን አወረደና በቀስታ “ልጠየቅ” አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሙግቱ ውስጥ ገባ። ሰዉ አውካካ። አቶ ምህረቴ “ችሎት ነው!” ብለው ቢገሥጹ ጸጥ አለ። ልጄም ከተረታሁ ቄብ ዶሮዬ ትወሰድ ብላ ተወራረደች፤ የራሷ የምትላትም ያቺው አንዲት ናት።

ሰድባዋለች ወይ ተብዬ ተጠይቄ ስድብ ከአፏ አልወጣም ብያለሁ። ቁም፣ ተጠየቅ ማለት የሙግት ወግ ነው፤ ከዚያ በቀር ሁሉን በአንቱታ ነው የተናገረችው። አህያዎ ጎሕ ሲቀድ ሲያናፋ አቤት ብለን እናውቃለን ወይ አለችው፤ አላላችሁም አለ። ባለፈው ጥር ልጅዎን ሲድሩ ሦስት ቀን ሲዘፈን፣ እናቴ እልል አለች እንጂ ዝም በሉ አለች ወይ አለችው፤ አላለችም አለ። ከዚያ እሱም አፍ አለውና ደረቱን ነፋ አድርጎ “ሠርግ ሦስት ቀን ነው፤ ያልፋል። ያንቺ መች ያልፋል?” አላት። ሰዉ እውነት ነው አለ፤ እኔም በሆዴ፣ ወይኔ ልጄ ተረታች አልሁ። ሸጋ መሬት መሬት አየችና “ልጅነትስ አያልፍም ወይ?” አለች።

ማንም አልሳቀም። አቶ ምህረቴ የዝንብ ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ኋላ የሰጡት ፍርድ፣ ልጅቱ ከብት እስኪገባ ትሟገት፣ ከብት ከገባ በኋላ ድምፅዋ አጥር አይለፍ፣ አቶ እንየውም ከቤት አስወጣ ማለቱን ይተው የሚል ነው። ሁለቱም እሺ አሉ። እኔ ቃል ሰጪዋ በዚያ ቀን በሠርጌ ቀን ከነበረኝ ደስታ የበለጠ ደስ አለኝ። እሰይ፣ ልጅስ ወለድሁ አልሁ! ሃምሳ አለቃው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢለኝም፣ ለእኔ ያስፈልገኛል ብዬ ተጽፏል።

ታዲያ አቶ እንየው ለምን ወደ ፖሊስ መጣ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። በማግስቱ የሰፈር ጎረምሶች “አቶ ልጠየቅ” የሚል ስም አወጡለት። በጠላ ቤቴም ተነሥቶ ተስቋል፤ እኔም አብሬ ስቄአለሁ፣ አልክድም። የጎልማሳ ሰው ስም መጫወቻ ሲሆን ያማል። ዳሩ ግን ስሙን ልጄ አላወጣችለትም፤ ፍርዱንም እስከ ዛሬ ጠብቃለች።

ሃምሳ አለቃው የግዴታ ወረቀት አቅርቦ፣ አቤቱታ አቅራቢው በጠየቀው መሠረት ልጅሽን ዝም አሰኛለሁ ብለሽ ትፈርሚያለሽ ወይ ብሎኛል። ከፈረምሁ አቶ ኢስሃቅ ቤቱን እንደማያስለቅቀኝ፣ ካልፈረምሁ የጠላ ጋኖቼን ተሸክሜ እንደምወጣ አውቃለሁ። መልሴ አልፈርምም ነው። ቤት ይፈለጋል፤ ጠላም የትም ይጠመቃል። ይህችን አፍ ከዘጋኋት ግን ማን ይከፍትልኛል?

ቃሌ እስከዚህ ተጽፎ ሲነበብልኝ ሸጋ በሩ ላይ፣ አቶ እንየውም ከደጅ አግዳሚው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ልጄ ጣቢያው ሁሉ እስኪሰማ “እማዬ፣ ያስቀረሽው አለ!” ብላ ጮኸች። ሃምሳ አለቃው ምን ቀረ ቢላት፣ ጋሼ እንየው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ስልቻቸውን ሲያነሡ ራሷን ዳብሰው “እግዜር ያሳድግሽ፣ አፍሽን አይያዘው” እንዳሏት ተናገረች። “ለእሳቸውም ይጻፍላቸው እንጂ!” አለች። እውነቷን ነው፤ ብሏታል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያስቀረሁት በንዴት ነው። አቶ እንየው ተጠርቶ ቢጠየቅ “ብያታለሁ፤ የግዴታው ወረቀትም ይቅር” አለ።

ይህም ተጨምሮ ተጽፏል። ስትጮህ ዝም በይ አላልኋትም።

ከላይ የሰፈረው ያየሁትና የሰማሁት ነው። የጨመርሁት የለም፤ ያስቀረሁትን ልጄ ሞልታዋለች። መጻፍ ስለማልችል የቀኝ አውራ ጣቴን አትሜአለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ይታይሽ ቢሻው (የጣት አሻራ)
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ አበረ ወርቅአየሁ (ፊርማ)
የግዴታ ወረቀት፦ ሳይፈረም ተመልሷል
ቃሉ ሲነበብ የሰማ እማኝ፦ እንየው ነጋ (ፊርማ)