የአይተ ግደይ ማረሻ

ዘመዴ ያገለገለ የትራክተር ማረሻ ሊገዛ ፈልጎ፣ ሜካኒክ ነህ ብሎ «እስቲ አይተህ ገምትልኝ» አለኝና ዓዲ ሓቂ ሄድኩ። ሻጩ አይተ ግደይ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ ትምህርት ቤት አጥር ሥር አቁመውታል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። እኔ ደግሞ ቀለም አላምንም። የተሰነጠቀ ዲስክ ሲመታ ድምፁ ይታፈናል፣ ጤነኛው ይጮኻል። በመፍቻ አንድ ደህና አድርጌ አቀመስኩት። ጓ! አለ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ሁካታ ተነሣና ተማሪው ቦርሳውን አንጠልጥሎ በበሩ ይጎርፍ ጀመር። ለካ የትምህርት ቤቱም ደወል የተሰቀለ አሮጌ ዲስክ ኖሯል!

«አየህ ወደይ፣ ልጄ?» አሉ አይተ ግደይ ደረታቸውን ነፍተው። «ትምህርት ቤት ሙሉ መሰከረልኝ። ከእንግዲህ ዋጋ አልቀንስም!»

ርእሰ መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። «ገና ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀራቸዋል! እንዳስወጣሃቸው መልሳቸው!» ብሎ አፈጠጠብኝ። ምን ላድርግ? እጄ እስኪዝል ዲስኩን ደበደብኩት። አንድም ልጅ ዞር አላለም።

«አይተ ግደይ» አልኳቸው፣ «ዲስክዎ ለመውጫ እንጂ ለመግቢያ አይሠራም። በግማሽ ዋጋ ይስጡን።»