የሐሚዳ ዩኒፎርም

በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ሰሞን፣ በሐረር ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነስሮ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሱሪዬን ሊያሳጥርልኝ ቀጥሮኝ ገና መቀሱን አላነሳም። እኔ ደግሞ ቀጠሮ የሚያፈርስ ሰፊ አልወድም። ይሁን እንጂ ባይዘገይብኝ ኖሮ ይህን ጉዳይ አልሰማም ነበርና ይቅር ብዬዋለሁ።

ሐጂ ዐብዱልገኒ ልጃቸውን ሐሚዳን አስከትለው መጡ። ሐጂ በጀጎል ግንብ ውስጥ የታወቁ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ በሰፈራቸው የመንግሥት ትምህርት ቤትም የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ። በእጃቸው የያዙት ጨርቅ ግን የዚያ ትምህርት ቤት ቀለም አልነበረም። ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ የተከፈተው የግል ትምህርት ቤት ቀለም ነበር። ነስሮ ሜትሩን ሲያነሳ ሐሚዳ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ አዲስ ልብስ የሚለካ ልጅ ፊት ግን አልነበራትም።

ወዲያው የጎረቤታቸው ልጅ ዋፊቃ ከመንገድ ጎራ አለች። በዚያው በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ሐሚዳንም አስተምራታለች። ሰላምታው እንደ አገሩ ደንብ ረዘመ፤ የቤተሰቡን ደኅንነት ተጠያይቀው አልሐምዱሊላህ ተባባሉ። ከዚያ ዓይኗ ጨርቁ ላይ አረፈ።

«ሐጂ፣ ሐሚዳን ሊወስዱብን ነው?»

ሐጂ አልሸሸጉም። ክፍሉ በልጅ ታጭቋል፣ መምህሩ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል፣ የሴቶች ሽንት ቤት ውሃ ከተቋረጠ ከርሟል። አላህ ሀብት የሰጠው ሰው ልጁን እዚያ ጥሎ ነገ ምን ይመልሳል? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም አሉ። እኔም በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ። ለይሉኝታ ብሎ የልጁን ዕድል የሚያጠብ አባት አላደንቅም።

ዋፊቃም ጉድለቱን አልካደችም፤ እንዲያውም ሐጂ የማያውቁትን ጨመረችበት። የሐሚዳ የዴስክ ጓደኛ ሩቂያ ውሃ በማጣት ብቻ ስንት ቀን ትምህርቱን አቋርጣ ወደምታድርበት አክስቷ ቤት እንደምትመለስ ነገረቻቸው።

«የሩቂያ አባት ሐሰን ማሳውን ትቶ ከገጠር ከድሬ ጠያራ መጥቶ ትምህርት ቢሮ ደጅ ቢቆም ‹ነገ ና› ይባላል» አለች። «እርስዎ ሲገቡ ወንበር ይቀርባል። ሐሚዳ የወጣች ዕለት ያ ወንበር ከእኛ ጋር አይቀርም።»

ሐጂ ትንሽ ቅር አላቸው። «ትምህርት ቤቱን መቼ ረሳሁት? ሲሚንቶ እልካለሁ፣ ቧንቧ እገዛለሁ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?»

እዚህ ላይ አንባቢዬ የአፎቻን ነገር ልብ ይበል። አፎቻ የሐረር ጎረቤት በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዳበት ማኅበር ነው። አባሉ ባለጠጋም ይሁን መጽሐፍ ጠራዥ፣ ለቅሶ ቤት በእግሩ መጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ይቀመጣል። ገንዘብ አለኝ ብሎ መቅረት የለም።

«ያ ባለጠጋው ዑበይድ ጎረቤቱ ሲሞት ከለቅሶው ቀርቶ ስኳርና ሩዝ በሠራተኛው የላከ ጊዜ አፎቻው ምን አደረገ?» ስትል ዋፊቃ ጠየቀቻቸው።

ስኳሩን የመለሱት ራሳቸው ሐጂ ነበሩ።

«‹የምንፈልገው አንተን ነው› አሉት። እኔም ዛሬ ሲሚንቶዎን መለስኩት» አለች ዋፊቃ።

ወደ ሥራው ተመልሶ የነበረው ነስሮ የስፌት መኪናውን አቆመ። ሐጂ ጨርቁን በጣታቸው እያሹ የልጃቸውን ዕድሜ መሞከሪያ ማድረግ እንደሚያስፈራቸው ተናገሩ። ያን ሲሉ ድምፃቸው የነጋዴ አልነበረም፤ የአባት ነበር። ዋፊቃ አንድ ዓመት ብቻ ለመነቻቸው። በየሳምንቱ ይምጡ፣ ከክፍል የቀረውን መምህር ሁሉ ይጠይቁ፣ እሷንም ቢሆን አይማሯት። ካልተሻለ ጨርቁን ራሷ ተሸክማ ነስሮ ዘንድ እንደምታመጣው ቃል ገባች።

ሐጂ ወደ ሐሚዳ ዞረው አንቺስ አሏት።

«ውሃውን ካመጡልን ከሩቂያ አልለይም» አለች ልጅቷ።

«እንግዲህ ሰማሁ» አሉ ሐጂ። «ነስሮ፣ ይህን አጣጥፈህ አስቀምጥ። የዱሮውን ቀለም ስፋ፤ ሰፋ አድርገው፣ ልጅቷ እያደገች ነው።»

ልጅን የግል ትምህርት ቤት መላክ ነውር አይደለም። አቅም ያለው ሁሉ ሲወጣ ግን ትምህርት ቤቱ አፍ ያጣል፤ ተቆጪ የሌለው ቤት ደግሞ ይፈርሳል። ሐጂ ልጃቸውን ባለማስወጣታቸው ሦስት ነጋዴዎች ልጆቻቸውን ወደዚያው መለሱ። ወላጅ በየሳምንቱ ሲመላለስ መምህሩም ሰዓት ማክበር ጀመረ፤ ውሃውም ጥቅምት ሳይወጣ መጣ። ሩቂያ አሁን የመውጫው ደወል ሲደወል ነው የምትወጣው።

ውሃው እንዴት እንደመጣ ዋፊቃ አጫውታኛለች። ሐጂ ሐሰንን ከድሬ ጠያራ አስጠርተው አብረው ትምህርት ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ብድግ ብሎ እንደ ልማዱ አንድ ወንበር ሳበላቸው። ሐጂ ሐሰንን በትከሻው ይዘው አስቀመጡትና እሳቸው አጠገቡ ቆሙ። ኃላፊው ተደናግጦ ሁለተኛ ወንበር ሊያመጣ ራሱ ወጣ።