ያልደረቀ ቀለም

ሚስት እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌዬን ሐጂ ሱልጣንን በአሮጌ መኪናዬ ይዤ ከምንኖርበት ከቤሪያ ሰፈር ወደ ዳቬይተን ሄድኩላችሁ። የመስኮቶቿ ዙሪያ ፕላስቲክ በፀሐይ ነጥቶ ስላሳፈረኝ፣ ጠዋት ጥቁር ቀለም ቀብቼው ነበር። ሐጂ መንገዱን ሙሉ ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው ኖሮ፣ ስንደርስ የነጭ ጀለቢያቸው እጅጌ ጠቁሯል። ሊቀበሉን የወጡት የልጅቷ አባት ደነገጡ።

«ምን ነካዎት፣ ሐጂ?»

ሐጂ መዋሸት አይችሉም። «መኪናውን አዲስ ሊያስመስልላችሁ ቀብቶት፣ ቀለሙ አልደረቀም።»

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ። «ሌላስ የቀባኸው ነገር አለ?»

አለቀልኝ አልኩ። ሽበቴን ደብቄ ቤታቸው ልገባ አልቻልኩም። «ፀጉሬን» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው አናቴን መረመሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔ ቶሎ ይለቃል። የምን ቀለም ነው የምትጠቀመው?»

ልጃቸውን ሊሰጡኝ ከመፍቀዳቸው በፊት የቀለሙን ስም አስጻፉኝ።