ሚትሮ አምስት ጊዜ ያነበባቸው ካሴቶች

አባታችን አባ ዮሲፍ፤ እህቴ ሃፊያ፣ የሚትሮ ባለቤት፤ ከስኒናና ከሁመኔ የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፤ በተለይ ደግሞ እናንተ፣ መንደራችሁ ከውሃ በታች የቀረባችሁ የቡክና ሰዎች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ያጽናን።

ፌዶር ባራን ነኝ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቼላችኋለሁና ታውቁኛላችሁ። ሚትሮ ቾፒክ የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ አበልጄ ነው። ላለፉት አሥራ አራት ወራት ግን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ይህንንም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሃፊያ ትናንት «የምትናገረው አንተ ነህ» ስትለኝ፣ «እኔ? በምን አፌ? ሰው ምን ይለኛል?» አልኳት።

«ያለውን ይበል» አለችኝ። «ሚትሮ የሚለውን ብሎ ሄዷል። ያልጨረስከው አንተ ነህ።»

እሺ። ልጨርስ።

ሚትሮ ማን ነበር? ከመካከላችሁ ሬዲዮው ወይም ቴሌቪዥኑ በሚትሮ እጅ ያላለፈ ማን አለ? በዚያ ክፉ ዘመን፣ አፍ ተሸብቦ በሚኖርበት ዘመን፣ አማቴ ሬዲዮዋን በሻርፕ ጠቅልላ ጥገና ቤቱ ወሰደች። ሚትሮ ከፍቶ አየ፤ ዘጋ። «አክስቴ፣ ሬዲዮው ደህና ነው» አላት። «የታመመው ዜናው ነው። ለእሱ መድኃኒት የለኝም።» አማቴ እየሳቀችም እየተንቀጠቀጠችም ወጣች። ሚትሮ እንዲህ ነበር። የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም እንዳለው ይነግርሃል። ለማስደሰት ብሎ አይዋሽም። ይህን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ኦሌና ካፕራል ልውሰዳችሁ። የቡክና መምህርት ኦሌና። ግድቡ ሊሠራ፣ ቡክና ልትለቅ በታዘዘችበት ክረምት፣ ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ነበረችው። ቁልፎቿ ከጎማ የሆኑ፣ በቴሌቪዥን የምትታይ፣ የጻፉባትን ወደ ጩኸት ለውጣ በሙዚቃ ካሴት ላይ የምታስቀምጥ። ኦሌና ደብተር ይዛ መቃብር ለመቃብር ዞረች። ማን የት እንደተኛ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በምን እንደሞተ ጠየቀች፤ ጻፈች። ከዚያ የጻፈችውን ሁሉ በዚያች ማሽን አስገባች። መቃብሮቹ ወደዚህ ሲዛወሩም ከቆፋሪዎቹ አጠገብ ቆማ ያየችውን ጨመረችበት። በኋላ ከመንግሥት ሁለት ሰዎች መጥተው ደብተሮቿን ወሰዱ። ካሴቶቹ ላይ ግን «የልጆች ጨዋታ» ብላ ጽፋ ነበርና አልነኳቸውም።

ኦሌና ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስታርፍ ኮምፒዩተሯንና አሥራ አንድ ካሴቶችን ለሚትሮ ተወችለት። ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ «ሚትሮ፣ ውስጡ ሰዎች አሉ። እንዳይጠፉ» አለችው።

ካሴቶቹ ግን አርጅተው ነበር። አንዱን ክፍል ለማንበብ ሚትሮ በካቻቢቴ የቴፑን ራስ እያስተካከለ፣ ጩኸቱን በጆሮው እያዳመጠ ሃያ ጊዜ ይሞክራል። በሃያ አንደኛው ይሳካለታል። ማሽኗን ሲያጠፋት ያነበበው ሁሉ ይጠፋል። በሌላ ካሴት ቢገለብጠው ደግሞ የባሰ ይበላሻል። ልጆቹ «በአዲስ ኮምፒዩተር ቅዳው» አሉት። ሞከረ። አዲሱ ኮምፒዩተር ጩኸት እንጂ ቃል አልሰማም። ስለዚህ ሚትሮ ምን ወሰነ? ለዚያች አሮጊት ማሽን ሃርድ ዲስክ ሊሰጣት! አንድ ጊዜ የያዘችውን እንዳትጥል።

እኔ ሳቅሁበት። «አበልጄ፣ ለበቅሎ የአውሮፕላን ክንፍ ልትገጥም ነው?» አልኩት።

«ከበረረች አንተን አላሳፍርም» አለኝ።

የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። መሐል ላይ ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኛቸውን ቦርድ ራሱ በወረቀት ነደፈ። የቦርዱን መዳብ በአሲድ ያጠበው በሃፊያ የኬክ መጋገሪያ ትሪ ነው። ሃፊያ፣ ያን ቀን ምን ብለሽ እንደጮህሽ እዚህ፣ በአባ ዮሲፍ ፊት፣ አልደግመውም። ዲስኩን ከደን መሥሪያ ቤቱ ከተጣለ ኮምፒዩተር ነቀለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ችግሩን እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ «ይቺ ማሽን በአንድ ጊዜ ስምንት ፍሬ መረጃ ነው የምትጎርሰው። ዲስኩ ደግሞ አሥራ ስድስት ያጎርሳታል። ታንቃለች። መሐል ቆሞ ግማሹን ይዞ የሚጠብቅላት እጅ ያስፈልጋል።» ያን እጅ ነው የሠራው። በመበየጃ፣ በአጉሊ መነጽር፣ በሚንቀጠቀጡ የሽማግሌ ጣቶች።

ሰባት ወር አልሠራም። ዲስኩ ይዞራል፤ የሚመልሰው ግን ቆሻሻ ነው። ሚትሮ ከሳ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት ለምሳ ፒሮሂ ቀርቦለት ሹካውን እንደያዘ ቀረ። «የዲስኩ ገመድ ረዝሟል» አለ። ተነስቶ ሄደ። ገመዱን ስንዝር አሳጥሮ ቆረጠው። ሠራ። ፒሮሂውን እኔ በላሁለት።

እማማ ፓራስካ፣ ያስታውሳሉ አይደል? መጀመሪያ የጠራው እርስዎን ነበር። ሰማያዊው ስክሪን ላይ የታናሽ እህትዎ ስም ወጣ። ሁለተኛ ረድፍ፣ ከሊንደኑ ዛፍ ሥር። የሦስት ዓመት ልጅ። ኩፍኝ። እርስዎም እጅዎን መስተዋቱ ላይ አድርገው «ስሟን የሚያውቅ እኔ ብቻ የቀረሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። ያን ቀን በዚያች ክፍል ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም። እኔም አልቅሻለሁ።

ከዚያ ሚትሮ ዝም አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ በሌላኛው በር ይወጣል። ምን አድርጌው ነው? እያልኩ ሳሰላስል አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቤቴ መጣ። ባርኔጣውን አላወለቀም። የታጠፈ ወረቀት ይዟል።

«ፌዶር፣ ተቀመጥ» አለኝ።

«በገዛ ቤቴ? አንተ ተቀመጥ እንጂ።»

«ስለ አባትህ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ኦሌና የጻፈችው ነው። «አራተኛ ረድፍ፣ ዘጠነኛ። ኢቫን ባራን። አልተነሣም። መኪናው ሞልቶ ነበር። መስቀሉን ብቻ ነቅለው ጫኑ።»

ወገኖቼ፣ መቃብሮቹ ሲዛወሩ እኔ ወታደር ቤት ነበርኩ። ስመለስ እናቴ እጄን ይዛ ወደዚህ አመጣችኝ። ያንን መስቀል፣ እዚያ የሚታያችሁን፣ አሳየችኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያ ሻማ አብርቻለሁ። ልጄን ድሬ መጥቼ ነግሬዋለሁ። እናቴንም ከጎኑ ቀብሬያታለሁ። አባቴ ታዲያ ከውሃው ሥር ነው? ያ ውሃ እኮ የመጠጥ ውሃችን ነው! በየቀኑ ጠዋት ከቧንቧ የምቀዳው!

ቀሪውን አላነበብኩም። ወረቀቱን ቀደድኩት። «ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። «ሽቦህ ነው የተሳሳተው!»

ቀስ ብሎ መለሰልኝ። «ፌዶር፣ ሽቦ ሲሳሳት ፊደል ያበላሻል። ዓረፍተ ነገር አይፈጥርም።»

«ውጣልኝ!» አልኩት። ወጣ።

በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። አውቶቡሴ ላይ የተሳፈረውን ሁሉ እየያዝኩ አወራሁ። «የሚትሮ ማሽን ትዘባርቃለች፣ አርጅታለች፣ ሙታንን እያደበላለቀች ሰው ታስለቅሳለች» አልኩ። አመናችሁኝ። ለምን አታምኑኝም? የእናንተ አባቶችና እናቶችም እዚህ እንዲሆኑ ትፈልጉ ነበር። ወደ ሚትሮ ቤት መሄድ ተዋችሁ። እሱም አልተከራከረም። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አየኝ። ባርኔጣውን አነሣልኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ዞር ብዬ የጉዞ ሰሌዳውን አነበብኩ። ሠላሳ ዓመት የነዳሁበትን ሰሌዳ! ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ይዞ ሲመለስ ልቡ ቆመ።

ረቡዕ ለቅሶ ስደርስ ሃፊያ ወንበር አልሰጠችኝም። እጄን ይዛ ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባችኝ። «ከአንተ ቤት በመጣ ማግስት ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ዲስኩን ባዶ አደረገው። አሥራ አንዱንም ካሴት ከመጀመሪያ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና። አምስት ጊዜ፣ ፌዶር። ወር አልፎ ወር። ተሳስቼ ቢሆን ብሎ። ተሳስቶ እንዲገኝ ይጸልይ ነበር። አምስቱንም ጊዜ ያው ወጣ።»

ከዚያ ማሽኗን አበራችልኝ። የቀደድኩትን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ኦሌና እንዲህ ጽፋለች፦ «ሚስቱ ማሪያ ከአጠገቤ ቆማ አይታለች። ለልጇ እንዳልነግር ለመነችኝ። የሚያለቅስበት ቦታ ያስፈልገዋል አለች።»

እናቴ ታውቅ ነበር። አውቃ ነው ሻማውን የሰጠችኝ። ቀኗ ሲደርስም አውቃ ነው ከባዶ መሬት ጎን የተኛችው፤ ለእኔ ብላ።

ሚትሮም ያውቅ ነበር። ያን ቀን ቤቴ ቆሞ «እናትህ ታውቅ ነበር፣ እናትህ ናት የደበቀችብህ» ቢለኝ በአንድ ቃል አፌን ያስይዘኝ ነበር። መንደር ለመንደር ስሙን ሳጠፋ አንድ ጊዜ ቢናገር ያበቃልኝ ነበር። አልተናገረም። ውሸት አይችልም ያልኳችሁ ሰውዬ፣ ዝም ማለትን ግን ቻለበት። እናቴን ከእኔ ቁጣ ጠበቃት። ስሙን አስረክቦ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው ዛሬ የምንቀብረው።

የቡክና ሰዎች፣ ስሙኝ። ያወራሁት ሐሰት ነው። ማሽኗ አትዘባርቅም። አባቴን ጨምሮ ሃያ ሦስት ሰዎች አልተነሡም። የአንዳንዶቻችሁ አባት ነው፤ የአንዳንዶቻችሁ ልጅ ነው። ማወቅ የማይፈልግ አይምጣ፤ አልፈርድበትም። እኔ ራሴ አልፈለግሁም ነበር። ማወቅ የሚፈልግ ግን ሃፊያ በሯን አትዘጋም። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ከፈለገ እኔ እቀመጣለሁ። አባ ዮሲፍም ውሃው ዳር ወጥተው ፍትሐት እንደሚያደርሱላቸው ዛሬ ጠዋት ቃል ገብተውልኛል።

ሚትሮ። አበልጄ። ይቅር በለኝ ልልህ ነበር የመጣሁት። ግን ሰው አፈር ሊለብስ ሲል የሚጠየቅ ይቅርታ ለጠያቂው ይቀላል፤ እምቢ የሚለው የለምና። ስለዚህ አልጠይቅህም። ዕዳዬን ይዤ እኖራለሁ። አባቴ የት እንዳለ ነግረኸኛል። ሌላ ማንም ያልደፈረውን፣ እናቴ እንኳ ያልደፈረችውን፣ አንተ በር አንኳኩተህ ነገርከኝ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሂድ እንግዲህ፣ ወንድሜ። ለእኔ ብለህ የተሸከምከው ከብዶህ ነበር። አፈሩ ይቅለልህ።