የአቶ ቸሩ የዞቢ ምሰሶዎች

የግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ መምህርት ባየሽን ከኮኪት ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ያዛት። የቆላ ዝናብ ደግሞ መለማመጥ አያውቅም፤ አቧራውን አስነስቶ፣ ነፋሱን አስቀድሞ፣ ወዲያው ይወርዳል። ባየሽ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠችና በቅርብ ካገኘችው የአገዳ ጎጆ ገባች። ጎጆው የአቶ ቸሩ መሆኑን ያወቀችው ከገባች በኋላ ነው። ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ምናልባት ዝናቡን ትመርጥ ነበር።

ምክንያቱም ገበሬ ማኅበሩ ስለ ትምህርት ቤቱ በጠራው ስብሰባ ላይ ተነስተው «እኔ የለሁበትም» ያሉት አቶ ቸሩ ናቸው። ሰው ያከብራቸዋል። ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ወባ ሲጥለው የሚያስታምሙት እሳቸው ናቸውና፣ «የለሁበትም» ብለው ሲወጡ ግማሹ ሰው ተከትሏቸው ወጣ።

ጉዳዩ ግልጽ ነበር። አውራጃው ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ሊሰጥ ቃል ገብቷል፤ ነገር ግን ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ ምሰሶው ቆሞ መታየት አለበት። ዓምና ወላጆች ባገኙት እንጨት ያቆሙትን ዳስ ምስጥ በልቶት ክረምቱን ሳይጨርስ ተኝቷል። በዚያ አገር ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ዞቢ ነው፤ ዞቢው ደግሞ በቅርብ ካለው ጫካ ተመንጥሮ አልቋል።

«ግቢ ልጄ፣ አረፍ በይ» አሉ አቶ ቸሩ ከጠፍር አልጋቸው ላይ ፈቀቅ እያሉላት። «ስብሰባ ያኳረፈንን ዝናብ አስታረቀን።»

ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው ሳቀ። በሽር ነው፤ ባለሱቁ ጎረቤታቸውና የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ። እሱንም ዝናብ አስገብቶታል።

«ወላሂ ከተገናኘን አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «አያ ቸሩ፣ አገር የሚገቡት መቼ ነው?»

«ዘንድሮ ሰሊጡን ላራግፍና» አሉ አቶ ቸሩ።

ይህ ጥያቄና ይህ መልስ በመንደሩ የታወቀ ነው። አቶ ቸሩ ከእብናት ወርደው ሰሊጥ መዝራት ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በየዓመቱ ሰሊጣቸውን አራግፈው አገራቸው ሊገቡ ነው፤ በየዓመቱም እዚያው ናቸው።

ጣሪያው ያፈስ ጀመር። ትንሿ ልጃቸው ዙፋን ጣሳ ይዛ ጠብታውን እየተከታተለች ታቁራለች። ባየሽ በበሩ ወደ ውጭ ስትመለከት ደጁ ላይ የተከመረ እንጨት አየች። ዝናቡ አቧራውን አጥቦት ጥቁር ሆኖ ያበራል። አንዱንም ምስጥ አልነካውም፤ ዞቢ ነው። ይህንን ሁሉ ዞቢ ደጁ ከምሮ በአገዳ ውስጥ የሚኖር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ቁጣዋን ትታ ተገረመች።

«አባቴ፣ ያ ሁሉ እንጨት ምን ሊሆን ነው?»

«ከወረድሁ ጀምሮ እየመረጥሁ ያጠራቀምሁት ነው። አገሬ ስገባ ቤት እሠራበታለሁ።»

«እዚህስ ለምን አይሠሩበትም? ጣሪያው እላያችን ላይ እያፈሰሰ እኮ ነው።»

«እንግዳ በሰው አገር ምሰሶ ይተክላል እንዴ? ቆላ የሥራ አገር ነው ልጄ፣ የመኖሪያ አይዶለም። ሙቀቱን ችለን፣ ዘርተን አጭደን እንሄዳለን። ለሚሄድ ሰው አገዳ ይበቃዋል።»

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባላል» አለ በሽር። «በሃያ ዓመቱስ ምን ይሆናል አያ ቸሩ?»

«ዝገት» አሉ ሽማግሌው ሳይስቁ።

መምህርታችን ከማሠልጠኛ ይዛው የወጣችውን ረጅም ንግግር ልትጀምር አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። መልካም አደረገች። ያን ንግግር በስብሰባው ላይ አሰምታ ያተረፈችው የሰው ጀርባ ማየት ነው። በዚያ ፈንታ «ትምህርትን ይጠላሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ አልጠላም። ግን የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል። ዓምና ዳሱን ስታቆሙ ስንት ተደገሰ! መጨረሻው የምስጥ ቀለብ ሆነ። ደግሞስ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ከዋለ ሰሊጡን ማን ይሰበስባል? ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ቀኑን ካሳለፉት ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይበተናል።»

«ዳሱ የወደቀው በማይሆን እንጨት ስለሠራነው ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች ባየሽ። «ስለ ሰሊጡ ኮሚቴው ተነጋግሮበታል። በአጨዳ ወራት ማለዳ ጀምረን ፀሐዩ ሳይከር እንለቃለን። ነዶው ታስሮ እንዲደርቅ በየሂላው ተደጋግፎ እስኪቆም ድረስ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ከእናንተ ጋር ይውላሉ።»

«ወባውንስ በትምህርት ታባርሪዋለሽ?»

«አላባርረውም። ግን ልጁ ማንበብ ከቻለ ኪኒኑ እንዴት እንደሚወሰድ ለቤተሰቡ ይነግራል፤ የተኛ ውሃ ማፋሰስም ይማራል። ያኔ የሚቀበረው ሰው ያንሳል።»

አቶ ቸሩ ፂማቸውን ይዘው አሰቡ። «አባርረዋለሁ» ብትላቸው ኖሮ ይስቁባት ነበር።

«ያም ሆነ ይህ እኔ ልጆቼን አላደነቁርሁም» አሉ። «ዙፋንን ክረምቱ ሳይዘጋ የሚመጣው ሎሪ ይዟት ይወጣል። እብናት ወንድሜ ዘንድ ትማራለች። የበኩር ልጄን ዘሩንም እንዲያው ነው ያስተማርሁት፤ በሰባት ዓመቱ ሰድጄው ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። ጎበዝ ነው ይሉኛል።»

ዙፋን ጣሳዋን እንደያዘች ቆመች። ጠብታው መሬቱ ላይ መውረድ ጀመረ።

«‹ይሉኛል›?» አለች ባየሽ። «ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ እርስዎ ራስዎ እንዴት አገኙት?»

ሽማግሌው ሲመልሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ዓምና ለፋሲካ መጣ። እደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› ብሎ ተጣራ። እናቱ መንበረ እየሮጠች ወጣች። ገባ፤ ግን ተቀመጥ እስኪባል አልተቀመጠም። ውሃ ሲጠማው ከጋኑ አልቀዳም፤ ‹እባክዎ ውሃ ይስጡኝ› አላት እናቱን። ጨዋ ልጅ አድርገው አሳድገውልኛል። እሷ ግን ሎሪው ይዞት ሲሄድ ያለቀሰችው ለሞተ ልጅ የሚለቀሰውን ነው።»

በሽር አንገቱን ደፋ። የሱም ልጅ ሐሚዳ ድንበር ተሻግራ ዘመድ ቤት ነው የምትማረው።

«አባቴ፣ ቅር አይበልዎና» አለች ባየሽ፣ «እንግዳ ነኝ የሚሉት እርስዎ ነዎት፤ በእንግድነት ያደገው ግን ዘሩ ነው። አጎቱ ቤት እንግዳ፣ አባቱ ቤትም እንግዳ። እርስዎስ እብናት የሚሉት አገር አለዎት። የዚህ ልጅ አገሩ የት ነው?»

ከአባቷ መልስ በፊት ዙፋን ተናገረች።

«አባዬ፣ እኔም ስመለስ ውሃ እለምናለሁ?»

ሰው ከተማረ ሰው ጋር ሲከራከር መልስ አያጣም፤ ከልጁ ፊት ሲቆም ግን ብልሃቱ ሁሉ ያልቅበታል። የአቶ ቸሩ ዓይን እንባ ሞላ። ማንንም ሳያዩ ተነስተው ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ከክምሩ አጠገብ ቆመው ረጅሙን ምሰሶ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት ሲሆን በሕልማቸው ያዩት እንጨት ነው።

«በሽር» ብለው ተጣሩ። «ሰው ሰብስብ። መሬቱ ርሶ ሳለ የትምህርት ቤቱን ጉድጓድ እንማስ፤ ሲደርቅ እጅ ይገነጥላል።»

አቶ ቸሩ ራሳቸው ዞቢውን ተሸክመው ሲታዩ ከስብሰባው ተከትለዋቸው የወጡት ሁሉ ሳይጠሩ መጡ። የመጨረሻው ሎሪ ቆርቆሮውን አራግፎ ሲመለስ ዙፋንን አልያዘም። በመስከረም ትምህርት ተጀመረ። በአጨዳው ወራት ልጆቹ ማለዳ ተምረው ከሰዓት በኋላ ነዶ አሰሩ፤ የማንም ሰሊጥ አልተበተነም። ሐሚዳ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሲመሽ ደግሞ ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች በዚያው ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ፤ ለሚስታቸው የሚጽፉትን ለሌላ ሰው መንገር ቀረላቸው። አንድ ቤት ቢቆም ይህን ያህል ሰው ያስጠልላል።

ሁሉም ግን አልተቃናም። ዘሩ ለገና ሲመጣ አሁንም እደጅ ቆሞ ተጣራ። ዙፋን እጁን ይዛ አስገባችውና ጋኑ ያለበትን አሳየችው።

በዚያው ሰሞን አቶ ቸሩ ከትምህርት ቤቱ በተረፉት ዞቢዎች ለራሳቸው ቤት መሠረት ሲቆፍሩ በሽር አለፈና እንደ ልማዱ ቆመ።

«አያ ቸሩ፣ ሰሊጡም ተራገፈ። አገር የሚገቡት መቼ ነው?»

አቶ ቸሩ ከጉድጓዱ ቀና ሳይሉ «ገብቻለሁ» አሉ። «እስቲ ይልቅ ያንን ምሰሶ ያዝልኝ።»