ሳይወጡ መለካት

አቶ ቢያዝን ከሞጣ ወደ ብቸና በሚሄደው አውቶቡስ ሲሳፈሩ ረጅም ሸምበቆ ይዘው ነበር። ረዳቱ «አባባ፣ ዓባይ ገና ሩቅ ነው፤ ዓሣው ይጠብቅዎታል» ቢል ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሸምበቆው በብቸናው ዘይት መጭመቂያቸው የታንከሩን ዘይት የሚለኩበት ነው። የቀድሞው ሸምበቆ የተሰበረው፣ ልጃቸው ውቢት ልትለካ ወጥታ ከመሰላሉ ስትንሸራተት ነበር፤ እሷን እግዜር አተረፋት።

አጠገባቸው የተቀመጠው ምናለ በሞጣ በቴክኒክ ኮሌጅ የሚያስተምር ወጣት ነው። የሸምበቆውን ነገር ሲያጫውቱት ጠየቃቸው።

«አባባ፣ መለኪያ መሣሪያ አስገብተው አያውቁም?»

«አስገብቼ ነበር እንጂ! የሚንሳፈፍ ኳስ ነው። የኑጉ ዝቃጭ ይዞት ቀረና፣ ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ ‹ገና ነው› እያለ ዘይቴን ለመሬት አጠጣው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ የኔ ልጅ።»

«እውነትዎን ነው። ዝቃጭ ለሚበዛበት ዘይት ተንሳፋፊ አይመረጥም። በሬዲዮ ሞገድ የሚለካ ግን አለ።»

«ሬዲዮ? ለዘይቱ ዜና ሊያሰማው ነው?»

ምናለ ሳቀ። «እጅዎን ወደ ሬዲዮዎ አንቴና ሲያስጠጉ ድምፁ አይለወጥም?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ይለወጣል። ሳልነካውም እንኳ።»

«ከታንከሩ ክዳን ወደ ታች አንድ ዘንግ ይገባል። በዘንጉና በታንከሩ ግድግዳ መካከል ያለው አየር ቦታውን ለዘይት ሲለቅ፣ መሣሪያው እንደ ሬዲዮዎ ለውጡን አውቆ ዘይቱ የት እንደደረሰ ይናገራል። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው የሚያዝ ነገር የለውም።»

«ዘንጉ ላይ ቢለጠፍስ? የኔ ዝቃጭ ሙጫ ነው።»

«የተለጠፈውን ንቆ የቆመውን ዘይት ብቻ የሚለካ ዓይነት አለ። እሱን ይምረጡ።»

«ከሥር ውሃ ቢተኛስ?»

«ያን ጊዜ ይሳሳታል።»

አቶ ቢያዝን ዞር ብለው አዩት። ኳሱን የሸጠላቸው ሰው አንድም እንከን አልነገራቸውም ነበር። ሰው ከአዲስ ነገር የሚሸሸው ብዙ ጊዜ አዲስ ስለሆነ ሳይሆን ጉድለቱ ስለተደበቀበት ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ውሃውን በየጊዜው ከሥር ያፍስሱ። የዘይቱ ዓይነት ከተለወጠ መለኪያውን እንደገና ያስተካክሉ። ሲገዙም ምን እንደሚለኩ፣ ሙቀቱን፣ ታንከሩ ብረት ይሁን ፕላስቲክ ለሻጩ ሳይናገሩ እሺ አይበሉ።»

አቶ ቢያዝን ስልካቸውን አወጡ። «ውቢት፣ ታንከሩ ላይ እንዳትወጪ።»

«ማን ይለካል ታዲያ?»

«ማንም። መጭመቂያውን አቁሙት።»

«አባባ፣ ኑጉ የሰው ነው! ተሰልፈው እየጠበቁ!»

«ይጠብቁ። ኑግ ይጠብቃል፤ አንቺን ከወደቅሽ በኋላ ምን አደርግሻለሁ?»

በክረምቱ መሣሪያው ገባ። ዘይት መፍሰሱ ቀረ፤ በታንከሩ ያለው መጠን ሁልጊዜ ስለሚታወቅ ደንበኛም በግምት ‹ዘይት የለም› ተብሎ አይመለስም፤ በረጠበ መሰላል ላይ የሚንጠላጠልም የለም። በአንድ ዝናባማ ቀን ውቢት በጣሪያው ሥር ቆማ የመሣሪያውን ቁጥር አነበበችና ፓምፑን አቆመች።

«ሞላ፣ አባባ!»

አቶ ቢያዝን ዝናቡ ውስጥ ወጥተው የታንከሩን ጎን ዙሪያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። እጃቸውን ሲያዩ የነካቸው የዝናብ ውሃ ብቻ እንጂ ዘይት አልነበረም።