ዳኛው ኪስ የገባው ፖስታ

— ሄሎ? … አቤት ጋሽ ገሠሠ! ክብረት ነኝ። እግርዎ ተሻለዎት? … ኧረ ቼዙ አላለቀም። ለምሳ ተቋርጦ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቀጥላለን። … ጮክ ብዬ ማውራት አልችልም። … ያሕያ እዚህ ነዋ! … አዎ፣ የምንጋጠመው ልጅ። እኛ ሳሎን ተቀምጧል። … እማዬ ናታ! ከቀበሌው አዳራሽ ስንወጣ አየችውና «ከብስራተ ገብርኤል ድረስ መጥቶ ጦሙን ሊውል ነው?» ብላ ጎትታ አመጣችው። — እማዬ፣ ሽሮ ነው በይው፣ ሥጋ የለበትም! — ሄሎ? ይሰሙኛል?

— ቆይ ቆይ… እጁን ሊታጠብ ወጣ። ቶሎ ልንገርዎት። ነጭ ነኝ። ያስተማሩኝን የስፔኑን አከፋፈት ጀመርኩ። ጳጳሴን አወጣሁ፣ በወታደር ገፋው። ሸሸሁ፣ ደግሞ ገፋው… አዎ፣ ሦስት ወታደር ከቦ መውጫ አሳጣው። … ነግረውኛል! አሥር ጊዜ ነግረውኛል ጋሼ። ያ ሁሉ ሰው አናቴ ላይ ቆሞ ሲያይ ጠፋብኝ። አፈርኩ።

— … ፈረሴ? አለ፣ መሃል ላይ። … ንጉሡን? አላሸሸውም፣ እዚያው ነው። … ጳጳሱን ልተወው? … በፈረሴ ቼክ ብዬ… ንግሥቱን እበላለሁ… ኧረ በእመቤቴ! አላየሁትም። እንዴት አላየሁትም?

— መጣ። … አዎ። … አዎ ጋሼ፣ ገብቶኛል። … ድምፄ? ደህና ነው። … አውቃለሁ፣ ከሰባ ስድስት ጀምሮ ሲያስተምሩ ዋንጫ የበላ ተማሪ የለዎትም። … ኧረ ለባለቤትዎ ለእትዬ ተናኘወርቅ ገና አይንገሯቸው! … ጋሼ፣ ይስሙኝ እንጂ!

— ስንቋረጥ ተራው የኔ ነበር። … አዎ፣ እንደ ደንቡ። ቀጣዩን እርምጃዬን ጻፍኩ፣ ፖስታው ታሸገ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እስኪከፈት ዳኛው ኪስ ገባ። … አይቀየርም። … ፈረሱን አልጻፍኩም። … ጳጳሱንም አልጻፍኩም።

— … እያየኝ ነው። … እሺ፣ ይስማ በቃ። «እጄን ሰጥቻለሁ» ብዬ ነው የጻፍኩት።

— … ሄሎ? … ጋሽ ገሠሠ? … ይሰሙኛል? … ዘጉት።

— እማዬ፣ ጨምሪለት። … ብላ እንጂ ያሕያ፣ ምን ታየኛለህ? አሸንፈሃል።